ነጻው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዊንዶውስን ይተካልን ይሆን?

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአባሎቻችን አንዷ በሆነች የሒሳብ ባለሙያ የቀረበ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ የቢሮአችን ሁለት ኮምፒዩተሮች ጉዳይ አጀንዳ ሆኖ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ግማሾቻችን ከመጠባበቂያ ሒሳባችን ወጪ ተደርጎ ሁለት አዲስ ይገዛ አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ሊኑክስ የሚባል በነጻ የሚገኝ አለ፤ እሱ ቢጫንባቸው አይበቃም ወይ?» ብለን ጠየቅን። ነገሩ ከወጪ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አጥንቼ እንዳቀርብ ለእኔ ተሰጠኝ። እኔ የኮምፒዩተር መሐንዲስ አይደለሁም፤ ዲፕሎማዬ በአካውንቲንግ ነው። ሆኖም ከአሥር ዓመት በላይ እንጀራዬን ያገኘሁት ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ነውና፣ ጉዳዩን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ገቢና ወጪውን ለይቼ አቀርብላችኋለሁ።

ሰዓታችሁን እንዳልሻማ መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ለአብዛኞቻችን ይተካል፤ ለአንዳንዶቻችን ግን አይተካም። ልዩነቱን የሚወስነው የእኛ ጉብዝና ሳይሆን ሥራችን የተንጠለጠለበት ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ነገር «ነጻ» ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ወጪው ከገንዘብ ወደ መማርና ወደ መረዳዳት ይዛወራል። ያን ወጪ አንዲት ሴት ለብቻዋ ስትሸከመው ይከብዳታል፤ ማኅበር ግን ይችለዋል።

ጉዳዩ ለምን አሁን መጣ?

ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ኮምፒዩተሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሣው፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስተናግደው ዋናው ፕሮግራም ነው። የጽሕፈቱ ፕሮግራም፣ የሒሳቡ ፕሮግራም፣ ኢንተርኔቱ፣ ፕሪንተሩ ሁሉም የሚሠሩት በእሱ በኩል ነው። በቢሮአችን ያለው ዊንዶውስ 10 ነው። አምራቹ ማይክሮሶፍት ለዚህ ሲስተም በነጻ ይሰጥ የነበረውን ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አዘጋጅቶ ነበር፤ እሱም ቢሆን ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. እንደሚያበቃ አስታውቋል።

ጥገናው ቆመ ማለት ኮምፒዩተሩ ይጠፋል ማለት አይደለም። ነገም ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያም ይከፈታል። የሚቆመው ሌቦች አዲስ ቀዳዳ ሲያገኙ ቀዳዳውን የሚደፍንልን ሰው ነው። ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ዋናክራይ የተባለ ፕሮግራም ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒዩተሮችን እየቆለፈ «ፋይላችሁን ከፈለጋችሁ ገንዘብ ክፈሉ» አለ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ማይክሮሶፍት ግን መድፈኛውን ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት አውጥቶ ነበር። በብዛት የተጎዱት አፕዴት ያላደረጉት ናቸው።

«ታዲያ ወደ ዊንዶውስ 11 እንሸጋገራ» ትሉኝ ይሆናል። እሱ ደግሞ ራሱን የቻለ መስፈርት አለው። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት መሣሪያ ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩም ማይክሮሶፍት ባወጣው ዝርዝር ውስጥ መገኘት አለበት። ስለዚህ ከ2017 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች መስፈርቱን አያሟሉም። የእኛ ሁለቱም አያሟሉም። ገና ደኅና የሚሠራ ዕቃ በሲስተሙ ምክንያት ሊጣል ነው ማለት ነው።

ዊንዶውስ በነጻ የሚመጣ ይመስለናል

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ብዙዎቻችን ለዊንዶውስ ከፍለን አናውቅም። ኮምፒዩተሩ ሲያስቸግር ወደ ጥገና ቤት እንወስዳለን፤ ልጁ ፎርማት ያደርግና ሁሉንም እንደገና ይጭንልናል። የምንከፍለው የእጁን ዋጋ ነው። የዊንዶውስ 11 ሆም የአምራቹ ዋጋ 139 የአሜሪካ ዶላር ነው። ለአንድ ኮምፒዩተር። በላዩ ላይ ወርድና ኤክሴል አሉ፤ እነሱም የራሳቸው ዋጋ አላቸው። ያን ሳንከፍል የምንሠራው በተለምዶ ክራክ በምንለው፣ ቁልፉ በተሰበረ ቅጂ ነው።

ማንንም ለማሳፈር አይደለም የምናገረው። ዶላሩን ከየት አምጥተን? ነገር ግን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ሦስት ነገር ላስታውሳችሁ። አንደኛ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ማኅበራችን የተመዘገበና ኦዲት የሚደረግ ተቋም ነውና፣ ንብረታችን ሲቆጠር የምናፍርበት ነገር ባይኖር ይሻላል። ሁለተኛ፣ የተሰበረው ቁልፍ የተሰበረበት መሣሪያ ራሱ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ያዘለ ነው፤ ለመክፈቻነት ብለን ያስገባነው ሌባ ከውስጥ ይቀራል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። በቢሮአችን ኮምፒዩተር ላይ የእያንዳንዳችን የቁጠባ መጠን፣ የብድር ቀሪ ዕዳ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የዋስ ስም አለ። ኮምፒዩተሩ በታመመ ቁጥር ይህ ሁሉ ምስጢር ከማናውቀው ሰው ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ባሏ የማያውቀው ቁጠባ ያላት እህት በመካከላችን እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን። ያ መዝገብ ሜዳ ላይ እንዳይወጣ መጠበቅ የማኅበሩ አደራ ነው።

ሊኑክስ ምንድን ነው? ማን ሠራው?

እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ውስጡን ሊያየው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ሲስተም እንሥራ ብሎ ተነሣ። በ1991 ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት፣ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሲስተሙን አስኳል ጽፎ ለሕዝብ ክፍት አደረገው። ሊኑክስ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየጨመሩበትና እያረሙት እዚህ ደርሷል። ከእነሱም ውስጥ ብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ደመወዝ የሚከፍሏቸው ናቸው። ኩባንያዎቹም ለራሳቸው ስለሚፈልጉት ነው የሚከፍሉት።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ደቦ ነው። የአንዱ ማሳ ሲታጨድ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ ነገ ደግሞ የሌላው ተራ ነው። የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ይህኛው እህል ለሺህ ሰው ቢታደል አይጎድልም። ሥራውን የምናውቅበት ሌላም ስም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ማርክ ሻትልዎርዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ባለሀብት በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ፣ ለተራ ሰው የሚቀል ሲስተም አሠርቶ ኡቡንቱ አለው። ኡቡንቱ በደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰው በሰውነቱ ለሌላው መሆኑን የሚገልጽ ቃል ነው። ከኡቡንቱ ላይ ተነሥቶ የተሠራ ሊኑክስ ሚንት የሚባልም አለ። መልኩ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ስለሚቀርብ ለጀማሪ የሚመከረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

«እኛ ሊኑክስ ነክተን አናውቅም» የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ቦርሳችሁን ክፈቱ። ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ፣ አስኳሉ ሊኑክስ ነው። በእሱ ገንዘብ ትልካላችሁ፣ ፎቶ ታነሣላችሁ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ታወራላችሁ። አንዳችሁም ኮርስ ወስዳችሁ አልጀመራችሁትም።

ለማን ይሆናል? ለማን አይሆንም?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። የእኛን አባላት ሥራ በአራት ከፍዬ አየሁት።

የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሩን ለኢንተርኔት፣ ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ኢሜይል ለመላክ፣ ፊልም ለማየት፣ ልጆቻቸው የትምህርት ቤት ሥራ እንዲሠሩበት የሚፈልጉት ናቸው። ለእነዚህ ሊኑክስ ያለ ጥርጥር ይበቃል። ፋየርፎክስ አለ፤ ክሮም ይጫናል፤ በድረ ገጽ በኩል የሚሠራ ነገር በአብዛኛው እንደ ዊንዶውሱ ይሠራል። ሊኑክስ ሚንት ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ማስቀመጫ ይጠይቃል፤ 4 ጊጋባይት ራም ካለው ደግሞ ያለ ችግር ይሠራል። ስለዚህ ለዊንዶውስ 11 አረጀ የተባለው ላፕቶፕ ገና ዓመታት ያገለግላል።

ሁለተኛዎቹ ትንሽ ንግድ ያላቸውና መዝገባቸውን በኤክሴል የሚይዙ ናቸው። የባልትና ሱቅ ያላት፣ ልብስ የምትሰፋ፣ የማኅበራችን የቁጠባ መዝገብ ራሱ። ለዚህ ሊብሬኦፊስ የሚባል በነጻ የሚገኝ የቢሮ ፕሮግራም አለ። የኤክሴሉ ወንድም ካልክ፣ የወርዱ ወንድም ራይተር ይባላሉ። ድምር፣ አማካይ፣ ቅድመ ሁኔታ ያለው ስሌት፣ ከሌላ ሠንጠረዥ ፈልጎ ማምጣት ሁሉንም ይሠራል። የኤክሴል ፋይልም ይከፍታል፣ በኤክሴል ዓይነትም ያስቀምጣል። የማኅበራችንን የአንድ ዓመት የቁጠባና የብድር መዝገብ ቅጂ ወስጄ በካልክ ከፍቼዋለሁ። ድምሮቹ ከኤክሴሉ ጋር ሳንቲም ሳይጎድሉ ገጥመዋል። የተዛባው የአንዳንድ ዓምዶች ስፋትና የፊደሉ መልክ ነው። በማክሮ የሚሠራ፣ ማለትም ቁልፍ ሲነኩት ራሱ የሚያሰላ ፋይል ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ለኤክሴል የተጻፈ ማክሮ እዚያ ሁልጊዜ አይሠራም።

ሦስተኛዎቹ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ያላቸው እህቶቻችን ናቸው። ለእነሱ በአሁኑ ጊዜ አልመክርም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ደንበኛው የሚያመጣው በወርድ የተጻፈ ነው፤ የሚፈልገውም እንዳለ እንዲወጣ ነው። ሊብሬኦፊስ ይከፍተዋል፤ ነገር ግን ሠንጠረዡ በትንሹ ሊንሸራተት፣ 40 ገጽ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፍ 42 ገጽ ሊሆን ይችላል። ለራሷ ለምትጽፍ ሴት ይህ ምንም አይደለም። ለሰው ለምትጽፍ ግን ከደንበኛ ጋር የሚያጣላ ነው። ፎቶና ባነር የምትሠሩም እንዲሁ። ፎቶሾፕ ለሊኑክስ አልተሠራም። ጊምፕና ኢንክስኬፕ የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም እጃችሁ በለመደው ፍጥነት እስክትሠሩባቸው ድረስ ጊዜ ይጠይቃሉ።

አራተኛዎቹ እንደ እኔ በፒችትሪ የሚሠሩ ናቸው። በአገራችን ሒሳብ የተማረ ሰው ፒችትሪን ያውቀዋል፤ የሥራ ማስታወቂያም ላይ ሲጠየቅ ኖሯል። አምራቹ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ከለወጠው ዓመታት ቢያልፉም እኛ ያው ፒችትሪ እንለዋለን። እሱ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ ለማስኬድ የሚሞክር ዋይን የሚባል መሣሪያ መኖሩ እውነት ነው። ግን የሌላ ሰው ሒሳብ፣ ያውም ግብር በሚታወጅበት በሐምሌ ወር፣ «ይሠራ ይሆናል» በሚባል ነገር ላይ አይቀመጥም። ገኑካሽ የሚባል ነጻ የሒሳብ ፕሮግራም አለ፤ ባለ ሁለት ወገን አመዘጋገብን በትክክል ይከተላል፤ ለትንሽ ንግድ ይበቃል። ኦዲተሩና ደንበኛው ፒችትሪ በሚጠይቁበት ቦታ ግን ዊንዶውሱ መቆየት አለበት። በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ያላችሁም፣ ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የሸጠላችሁን ድርጅት ጠይቁ።

ለሁሉም ክፍል የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ፕሪንተር። የኤችፒ ፕሪንተሮች በአብዛኛው ሲሰኩ ይታወቃሉ። አንዳንድ የካነን ሌዘር ፕሪንተሮች ግን ያስለፋሉ። ሳይሞክሩ መቁረጥ አያስፈልግም።

አማርኛችንስ?

ይህን ጥያቄ ከአባላት ብዙዎች ጠይቀውኛል፤ ትክክለኛም ጥያቄ ነው። በአማርኛ የማይጽፍ ኮምፒዩተር ለቃለ ጉባኤያችን ምን ይሠራል?

ብዙዎቻችን በፓወር ግዕዝ ነው የለመድነው፤ እሱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ነገር ግን የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ዩኒኮድ ማለት እያንዳንዱ የዓለም ፊደል የራሱ ቋሚ ቁጥር ያገኘበት የጋራ መዝገብ ነው። «ሀ» በስልክም፣ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም ያው «ሀ» ናት። በሊኑክስ ላይ አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ የተባሉ በነጻ የሚገኙ ጥሩ የግዕዝ ፊደሎች አሉ። መጻፊያውም አለ፤ በእንግሊዝኛው ቁልፍ ድምፁን ስትጽፉት ወደ አማርኛ ይለውጠዋል። ኪይማን የሚባለውም በነጻ ይገኛል። የቁልፎቹ አቀማመጥ ከለመድነው ጥቂት ይለያል፤ እጅ እስኪለምድ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ችግሩ ያለው የድሮ ሰነዶቻችን ላይ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፊደሎች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። እንዲህ ያለ ሰነድ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ኮተት ሆኖ ይወጣል። በማኅበራችን የመጀመሪያ ዓመታት የተያዙ ቃለ ጉባኤዎች ከዚህ ዓይነት ናቸው። ሊኑክስ ብንጭንም ባንጭንም እነዚህን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ግዴታችን ነው። አለበለዚያ አንድ ቀን መተዳደሪያ ደንባችንን ያጸደቅንበትን ስብሰባ እንኳ ማንበብ አንችልም።

ከሌሎች ምን እንማር?

ትልልቆቹም ሞክረውታል፤ አንዳንዱ ሠምሮለታል፣ አንዳንዱ ተመልሷል። በጀርመን የሙኒክ ከተማ አስተዳደር በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ ለመዛወር ወሰነ። ዓመታት ፈጅቶ በ2013 መጨረሻ ላይ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒዩተሮችን አዛወረ። በ2017 ግን ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ እንዲመለስ ወሰነ። የሠራተኞች ቅሬታ ነበረ፤ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚመጣ ሰነድ በትክክል አልከፈት ይላል፣ ለተለየ ሥራ የሚያስፈልጉ ፕሮግራሞች ዊንዶውስ ይፈልጋሉ። ውሳኔውን የተቃወሙት ደግሞ ጥፋቱ የሊኑክስ ሳይሆን የኮምፒዩተር ክፍሉ አደረጃጀት ነው አሉ።

በፈረንሳይ ዣንዳርመሪ የሚባለው የጸጥታ ኃይል ሌላ መንገድ ሄደ። በ2005 ሲስተሙን ሳይነካ መጀመሪያ የቢሮውን ፕሮግራም ብቻ በነጻው ተካ። ቀጥሎ የኢንተርኔቱንና የኢሜይሉን ለወጠ። ሠራተኛው እነዚህን ከለመደ በኋላ፣ ከ2008 ጀምሮ ከሥር ያለውን ዊንዶውስ በኡቡንቱ ቀየረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮቹ ዛሬም በዚያው ነው የሚሠሩት።

እኔ ከሁለቱ የምወስደው ትምህርት ቅደም ተከተሉን ነው። ሊብሬኦፊስም ፋየርፎክስም በዊንዶውስ ላይ ይሠራሉ። ስለዚህ ማንም ዛሬ ማታ ምንም ሳታጠፋ ልትጀምር ትችላለች። ሁለት ሦስት ወር በሊብሬኦፊስ ሠርታ ሥራዋ ካልተስተጓጎለ ሲስተሙን መቀየር ቀላል ነው። ከተስተጓጎለም ዊንዶውሷ እንዳለ ስለሆነ ያጣችው ነገር የለም።

ሒሳቡ

አሁን ወጪውን እንደምር። በሊኑክስ በኩል ለፈቃድ የሚከፈል የለም። ፋይሉ ከ3 ጊጋባይት ያልራቀ ነው፤ አንዲት አባል አንድ ጊዜ ካወረደችው በፍላሽ ለሁላችን ታዳርሰዋለች። ይህ ስርቆት አይደለም፤ ፈቃዱ ራሱ አካፍሉ የሚል ነው። በፍላሽ የሚተላለፉት የዊንዶውስ ቫይረሶችም እዚያ አይነሡም። አንድ ጊዜ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት በፍላሽ የገባ ቫይረስ የሒሳብ መዝጊያ ሰሞን የሦስት ቀን ሥራ አስደግሞናል። ሊኑክስ ጨርሶ አይደፈርም አልላችሁም፤ አፕዴት ማድረግና ቅጂ መያዝ እዚያም ግዴታ ነው።

በወጪ በኩል ደግሞ እነዚህን ጻፉ። የመማሪያ ጊዜ አለ። ፋይሎችን ማዛወርና ማስተካከል አለ። ከሁሉ በላይ ሲበላሽ ማንን እንጠይቃለን የሚለው አለ። ዊንዶውስ የሚያውቅ ልጅ በየመንደሩ ይገኛል፤ ሊኑክስ የሚያውቅ ግን መፈለግ አለበት። ብዙ ሰው ሊኑክስን ሞክሮ የተወው ሲስተሙ መጥፎ ሆኖበት አይደለም፤ አንድ ቀን ድምፁ ወይም ዋይፋዩ እንቢ ሲል የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው።

እኛ ግን እዚህ ላይ ከብቸኛ ተጠቃሚ የተሻለ አቅም አለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ። ሁለት ወይም ሦስት ወጣት አባሎቻችን በደንብ ቢሠለጥኑ ለሁላችን ይበቃሉ። ለጥገና ቤት እናወጣው ከነበረው ጥቂቱን ለእነሱ የትራንስፖርትና የውሎ አበል ብናደርገው ገንዘቡ ከማኅበሩ አይወጣም። እነሱም ሙያ ያገኛሉ። የአባላት መዝገብም ከቤታችን ሳይወጣ ይጠገናል።

የማቀርበው የውሳኔ ሐሳብ

አንደኛ፣ ሁለት ኮምፒዩተር መግዛታችን ቀርቶ አንድ ብቻ እንግዛ። እሱም ሕጋዊ ዊንዶውስ 11 ያለው ይሁንና ፒችትሪያችን ወደ እሱ ይዛወር፤ ኦዲተራችን የሚጠይቀን እሱን ነውና።

ሁለተኛ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ደብዳቤ፣ ኢሜይልና የቁጠባ መዝገብ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስ ሚንት ይጫን። ከመጫኑ በፊት በፍላሽ ብቻ አስነሥተን እንሞክረው፤ እንዲህ ሲሠራ በውስጡ ያለውን ምንም አይነካም። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ፕሪንተሩና አማርኛው መሥራታቸውን አይተን ነው የምንጭነው።

ሦስተኛ፣ አንድም ነገር ከመነካቱ በፊት የሁሉም ፋይል ቅጂ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ አንዱ ከቢሮ ውጭ ይሁን። መጫን የሚባለው ያለውን የሚያጠፋ ሥራ ነውና በዚህ ቀልድ የለም።

አራተኛ፣ የሙከራው ጊዜ ሦስት ወር ይሁን። የቁጠባ ሒሳብ ሠራተኛችን የገጠማትን ችግር በማስታወሻ ትያዝ። በሦስተኛው ወር ችግሩ ከጥቅሙ ከበለጠ እንመለሳለን፤ መመለስ ነውር የለውም፤ ሙኒክም ተመልሷል።

አምስተኛ፣ ሁለተኛው አሮጌ ኮምፒዩተር አይጣል። ሊኑክስ ተጭኖበት ቅዳሜ ቅዳሜ የአባላትና የልጆቻቸው መለማመጃ ይሁን። ወጣቶቹም የሚሠለጥኑት በእሱ ላይ ነው።

በዚህ መንገድ ከሄድን የአንድ ኮምፒዩተር ዋጋ በመጠባበቂያ ሒሳባችን ውስጥ ይቀራል። ያ ገንዘብ ባለፈው ሩብ ዓመት ማመልከቻ አስገብተው ተራ ከሚጠብቁት እህቶቻችን ለአንዷ የእንጀራ ምጣድ፣ ለሌላዋ የስፌት መኪና ብድር ይሆናል። ብድሩም ተመልሶ ይመጣል፤ ለፈቃድ የተከፈለ ዶላር ግን አይመለስም።

ለየግላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ላሳስብ። ቤታችሁ ስትገቡ በኮምፒዩተራችሁ በሳምንት ውስጥ የምትከፍቷቸውን ፕሮግራሞች በወረቀት ዘርዝሩ። ዝርዝሩ ላይ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ነገር ካለ እዚያው ቆዩ፣ ግን ጥገናው ባልቆመበት ላይ ቆዩ። ከሌለ ዝርዝሩን ይዛችሁ ቅዳሜ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ።